ቅዳሴ በአንድ ሰው አይቀደስም

የደሴ መናኸሪያ ማለዳ ማለዳ ያላሰቡትን ሰው ካላሰቡት ሰው ጋር ያገናኛል። ወደ ወልድያ የሚወጣው፣ ሕመምተኛ ይዞ ወደ ቦሩ ሜዳ የሚሄደው፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሁሉ እዚያው ይተራመሳል። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ዝናብ በተመለሰበት ዓመት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ ቄስ ወልደ ሚካኤል በዚህ ግርግር መካከል ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። ጥምጥማቸው እንደ ወትሮው ነጭ ነው፤ መስቀላቸውም እንደ ወትሮው ከእጃቸው አልተለየም። ፊታቸው ግን የእሳቸው አይመስልም። ጉንጫቸው ጎድጉዶ፣ ዓይናቸው ሰው እያየ ሰው አይለይም ነበር።

እኒህ ቄስ በደሴ ከተማ የታወቁ ናቸው። ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያላጽናኑት ሐዘንተኛ የለም ይባልላቸዋል። በድርቁ ጊዜ ኮምቦልቻ ዳር ለተፈናቀለው ሕዝብ መጠለያ ሲከፈት ማንም ሳያዛቸው ወረዱ። ቀኑን ሙሉ ፍትሐት ሲያደርሱ፣ እናት ሲያጽናኑ፣ ሕፃን ሲያጠምቁ፣ ውሃ ሲቀዱም ይውሉና ወደ ደሴ ተመልሰው የደብራቸውን አገልግሎት ይቀጥላሉ። ቄስ ስማቸው የሚባሉ የደብሩ ባልደረባቸው “እኔም ልውረድና ላግዝዎት” ቢሏቸው “የመስቀል ሥራ በተወካይ አይሠራም” ብለው መለሷቸው። ይህን የሰማ ሁሉ አደነቃቸው። አድናቆት ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ ሳይቀምሱት ያሰክራል።

የሚገርመው፣ ሕዝቡ በረሃብ ሲረግፍ ያልወደቁት ሰው ዝናቡ ተመልሶ ሰው ወደ ቀዬው መግባት ሲጀምር ወደቁ። ሥጋቸው ሳይሆን ልባቸው ወደቀ። ፍትሐት ላይ አፋቸው ያነበንባል፤ ልባቸው እንደ ባዶ ጎተራ ነው። ባለፈው ሰሞን፣ በድርቁ ልጆቿ ያለቁባት ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ የምትባል የመጠለያው ሴት እግራቸው ላይ ወድቃ ስታለቅስ፣ “ሌላ ቄስ ፈልጊ፤ እኔ አልቆብኛል” ብለዋት ጥለዋት ሄዱ። በዚያ ቀን ቁርጣቸውን አወቁ። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅም የላቸውም። ወደ ሐይቅ ገዳም ገብተው ቀሪ ዘመናቸውን በዝምታ ሊጨርሱ ወሰኑ። ዛሬ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱትም መጠለያውን ሊሰናበቱ ነበር።

“ይፍቱኝ አባቴ!” የሚል የሴት ድምፅ ከጎናቸው ሰሙ።

“እግዚአብሔር ይፍታሽ” አሉና ዞር ቢሉ፣ አትጠገብ ብሩ ናት። ራሳቸው ያጠመቋት የጎረቤት ልጅ ስትሆን፣ ተምራ ጤና ረዳት ሆና በዚያው መጠለያ ክሊኒክ ትሠራለች። በዚያ ዘመን የተማረ ወጣት ቄስ ሲሳለም መታየቱ ያስንቀው፣ አንዳንዴም ያስጠይቀው ነበርና ማተቧን በአንገትጌዋ ሥር ትሸሽጋለች። ሰላምታዋን ግን አልሸሸገችም።

“ወደ እኛው ነዎት አባቴ?”

“ወደ እናንተው ነኝ፤ ለመጨረሻ ጊዜ” አሉና ውሳኔያቸውን ነገሯት።

አትጠገብ ደነገጠች። “አቶ በላቸውስ?” አለች።

አቶ በላቸው ከቢስቲማ በላይ ካለ ቀበሌ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ከቤተሰባቸው የተረፈ እንደሌለ ካረጋገጡ ወዲህ እህል በአፋቸው አልዞር ብሏል። ቄሱ ስለ ኢዮብ ትዕግሥት፣ ስለ መንግሥተ ሰማያት ደጋግመው አስተምረዋቸዋል፤ ሽማግሌው ግን ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙረው ዝም ነው።

“ለበላቸው እግዚአብሔር ያውቅለታል” አሉ ቄሱ። “እኔ የምለውን ብዬ ጨርሻለሁ።”

አውቶቡሱ መጣና ተሳፈሩ። ከጎናቸው ኑርሁሴን የሚባሉ የሐርቡ ገበሬ ተቀመጡ፤ ዕድሜያቸው ከቄሱ ጋር የሚቀራረብ፣ ፊታቸው ፈገግታ የማይለየው ሰው ናቸው። “እንደምን አደሩ መምሬ! ዘንድሮስ ማሽላው አብሽር ብሎናል፤ አልሐምዱሊላህ” ብለው ሰላምታ ሰጡ።

መኪናው የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ እንደጀመረ ፍሬኑ ጋለና ሾፌሩ ዳር አቆመ። “ውረዱና ተንፍሱ፤ እስኪበርድ አንነሣም” አለ። ተሳፋሪው ወርዶ በየጥላው ተበተነ። ሦስቱ አንድ ጥድ ሥር ተቀመጡ። ከታች የኮምቦልቻ ሜዳ ለምልሞ ተዘርግቷል። ኑርሁሴን ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው በየእጃቸው አደሉ።

አትጠገብ ቆሎውን ተቀብላ ጀመረች። “አባቴ፣ ድፍረት አይሁንብኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ቅዳሴ ለመቀደስ ስንት ሰው ያስፈልጋል?”

“ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ከአምስት ካነሰ አይቀደስም፤ ሁለት ካህናት፣ ሦስት ዲያቆናት።”

“እርስዎ ግን ዜማውን አሳምረው ያውቁታል። የዲያቆኑንም ድርሻ በቃልዎ ይዘውታል። ታዲያ ብቻዎን ለምን አይቀድሱም?”

“ሥርዓት ነዋ ልጄ!”

“ሥርዓቱን የሠሩት አባቶች ለብቻው የሚበቃ አንድ ጎበዝ ቄስ አጥተው ነው?”

ቄስ ወልደ ሚካኤል ቆሎውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው ገለበጡ። “ያ ሌላ፣ ይህ ሌላ” አሉ። “ቅዳሴ የመቅደስ ሥራ ነው። እኔ የምልሽ ሐዘንተኛ ማጽናናት፣ በሽተኛ መጠየቅ ነው። ይህ የእረኛው ዕዳ ነው። መስቀል የያዘ ሰው ደከመኝ ማለት አይገባውም።”

“ደከመኝ ባይሉም ደክመዋል። እግርዎ አብጧል፤ እንቅልፍ እንደሌለዎትም ዓይንዎ ይናገራል። በመቅደስ ውስጥ አምስት የሚሆነው ሥራ ከመቅደስ ሲወጣ ለምን አንድ ይሆናል? ሐዘንተኛውስ የክርስቶስ አካል አይደለም?”

“ማን አለና ልጄ? ካህናቱ ጥቂት ናቸው። የተማረው ወጣት ደግሞ እሁድ እሁድ የሚሮጠው ለቀበሌ ስብሰባ ነው።”

“እኛ አለን” አለች አትጠገብ። ድምፅዋ ዝግ አለ። “ጠርተውን ያውቃሉ?”

ይህ ቃል ቄሱን ወጋቸው። እውነትም ጠርተው አያውቁም። ቄስ ስማቸውንም መልሰዋቸዋል። ነገር ግን ሰው ሲወጋ ወዲያው እሺ አይልም፤ መጀመሪያ ሌላ ጋሻ ይፈልጋል። እሳቸውም ፈለጉ።

“አንቺስ ሴት ልጅ አይደለሽም? ምን ሥልጣን ይዘሽ ነው የምታጽናኚው?”

“መፍታትና መባረክ የካህን ነው፤ እሱን አልነካሁም። በሽተኛ ማጉረስ፣ እግር ማጠብ፣ ከሐዘንተኛ ጎን ተቀምጦ ዝም ማለት ግን ሥልጣነ ክህነት ይጠይቃል እንዴ? አባቴ፣ እርስዎ ውሃ ሲቀዱ፣ አልጋ ሲያነሡ፣ ወረፋ ሲያስጠብቁ ይውሉና ንስሐ የሚፈልገው ሰው ጋ ሲደርሱ ጉልበትዎ አልቋል። ማንም ሊሠራው የሚችለውን ሲሠሩ፣ ሌላ ማንም የማይሠራው ሥራ ይጎድላል።”

“ቢሆንም ሕዝቡ ይቀየመኛል። ሌላ ሰው ብልክ ‘ናቀን’ ይላሉ።”

እስካሁን ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ያዳምጡ የነበሩት ኑርሁሴን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “መምሬ፣ የማይመለከተኝ ነገር ውስጥ ገባሁ አይበሉኝና፣ የኔን ላጫውትዎት” አሉ።

“ይበሉ ወንድሜ።”

“በኛ አገር ጠብ ሲነሣ አስታራቂው እኔ ነበርሁ። የወሰን ጠብ ቢሆን ኑርሁሴን፣ የጋብቻ ጠብ ቢሆን ኑርሁሴን! ‘ያለ እሱ አይሆንም’ ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ ልዋሽዎት አልችልም። የራሴን እርሻ አረም እየበላው እኔ የሰው ሽምግልና ላይ ነኝ። ኋላ ወባ ጣለኝና ተኛሁ። ሰዉ ያለ እኔ ተጣላ፤ ያለ እኔም ታረቀ!” ብለው ሳቁ። “ወላሂ መጀመሪያ ከፋኝ። እንዴት ያለ እኔ ይታረቃሉ አልሁ። ኋላ ሳስበው፣ ሲደክመኝ የነበረው ሥራው ብቻ አልነበረም፤ ‘ያለ እኔ አይሆንም’ የሚለውን ነገር ተሸክሜ መዞሬ ነው የደከመኝ። በኛም ወዳጃ ሲባል ሰው ተሰብስቦ ነው ዱዓ የሚያደርገው፤ አንድ ሰው ዱዓ ሲያደርግ ሌላው አሚን ይላል። አሚን ባይ ከሌለ ምኑን ወዳጃ ሆነ?”

አትጠገብ ፈገግ አለች። ቄሱ ግን አልሳቁም። መሬት መሬቱን እያዩ እንዲህ አሉ፦

“ያለ እኔ የሚሆን ከሆነ፣ እኔ ታዲያ ምን እሠራለሁ? ይህን ያህል ዘመን ምን ሠራሁ?”

በዚህ መካከል ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ ሰዉ እየተጠራራ ተሳፈረ።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ፀሐይዋ በርትታለች። ኑርሁሴን ወደ ሐርቡ ለመቀጠል እዚያው መኪና ውስጥ ቀሩና በመስኮት “መምሬ፣ አላህ ያበርታዎ!” ብለው ተሰናበቱ። ቄሱና አትጠገብ በእግር ወደ መጠለያው አመሩ። ብዙ ድንኳኖች ፈርሰው የቀረው ምልክታቸው ብቻ ነው። ሰዉ ዘርና መሣሪያ እየተቀበለ ወደ አገሩ እየገባ ነበር። የቀሩት የሚሄዱበት ያጡና የታመሙ ናቸው።

ወደ አቶ በላቸው ድንኳን ሲቀርቡ ከውስጥ ድምፅ ሰሙ። አትጠገብ እጇን ዘርግታ ቄሱን አስቆመቻቸው። በሸራው ክፍተት አዩ። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ አጥሚት የሞላበት ጣሳ ይዛ ከሽማግሌው አልጋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌው እንደተለመደው ፊታቸውን አዙረዋል።

“ብሉ አልልዎትም” አለች ሴትዮዋ። “እኔንም ብዪ ሲሉኝ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ከትናንት ጀምሮ እኔም አልበላሁም። እርስዎ ካልበሉ እኔም አልበላም፤ እንዲሁ አብረን እንቀመጥ።”

ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ቄሱ ገብተው የሚናገሩት ቃል በአፋቸው መጣ፤ ነገር ግን አትጠገብ በዓይኗ “ትንሽ ይታገሡ” አለቻቸው። ዝንብ ብቻ ይጮኻል። በመጨረሻ አቶ በላቸው ቀስ ብለው ዞሩ።

“አንቺ ለምን ትራቢያለሽ?” አሉ። ድምፃቸው ለረጅም ጊዜ ያልተናገረ ሰው ድምፅ ነበር። “አንቺ ገና ልጅ ነሽ። በይ ጠጪ።”

“አብረን ከሆነ።”

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ጣሳውን ከአፋቸው አገናኙና አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ። ዋጡት። ለሷ መለሱላት፤ ጠጣችና መልሳ ሰጠቻቸው። እንዲህ እየተቀባበሉ ጣሳውን አጋመሱት።

ቄስ ወልደ ሚካኤል የራሳቸውን ስብከት ሁሉ አሰቡ። ያሉት ነገር ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ለተራበ ልብ ቃል ብቻ አይበቃም፤ ከጎኑ የሚራብ ሰውም ያስፈልገዋል። ይህን ደግሞ እሳቸው ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው እየተጣደፉ ሊያደርጉት አይችሉም ነበር።

ከአትጠገብ ጋር ገቡ። ወርቅአፈራሁ ስታያቸው ብድግ አለች። ቄሱ ትቆጣኛለች ብለው ጠበቁ፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች።

“ልጄ፣ ባለፈው ክፉ ቃል ተናገርኩሽ። ይቅር በይኝ” አሉ።

“እግዚአብሔር ይቅር ይበለን አባቴ። ልንገርዎት? ‘አልቆብኛል’ ሲሉኝ መጀመሪያ ሰማይ ተደፋብኝ። ኋላ ግን፣ ለካ እሳቸውም እንደኔ ያልቅባቸዋል አልኩና አዘንኩልዎት። ልጆቼ ከሞቱ ወዲህ ለሌላ ሰው ሳዝን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ለሰው ማዘን ከቻልኩማ ገና አልሞትኩም ብዬ ተነሣሁ። እኚህን ሽማግሌ መጠየቅ የጀመርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።”

ቄሱ መስቀላቸውን በራሷ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

አቶ በላቸው ከአልጋቸው ላይ ሆነው “አባ፣ ይምጡ” አሉ። “አሁን አቅም አገኘሁ። የምነግርዎት አለኝ። ለሌላ ሰው አይነገርም።”

ሴቶቹ ወጡ። ቄስ ወልደ ሚካኤል ሴትዮዋ በነበረችበት መሬት ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌው ከመንደራቸው ሲሰደዱ መንገድ ላይ ስላደረጉት፣ ለማን ምን እንደነፈጉ፣ ማንን ሳይቀብሩ እንዳለፉ ነገሯቸው። ቄሱ አልቸኮሉም። ውጭ ያሉት ሴቶች ውሃ ሊቀዱ፣ ወረፋ ሊያስጠብቁ እንደሚችሉ ያውቃሉና ልባቸው ወዲያና ወዲህ አልባከነም። ሁሉንም ሰሙ። ከዚያም መስቀላቸውን በሽማግሌው ራስ ላይ አድርገው የንስሐውን ጸሎት ሲያደርሱ፣ ለወራት ተለያይተው የነበሩት አፋቸውና ልባቸው ተገናኙ። ሽማግሌው አለቀሱ፤ ቄሱም አብረው አለቀሱ። ይህን ሥራ ወርቅአፈራሁ ልትሠራው አትችልም፤ አትጠገብም አትችልም። ያችን ጣሳ ደግሞ እሳቸው አይችሏትም ነበር።

ሲወጡ አትጠገብ ከክሊኒኩ በር ላይ አገኘቻቸው።

“እንግዲህ ሊሰናበቱን ነው?” አለች እየፈራች።

“ሐረጎ ላይ የጠየቅሁትን ጥያቄ በላቸው መለሰልኝ” አሉ ቄሱ። “ሁሉም ሥራ የኔ አይደለም። የኔ የሆነው ግን የኔ ነው። ልጄ፣ ተሸንፌያለሁ፤ መሸነፌም ደስ ብሎኛል። ነገ እነማንን እንደምንጠራ ምከሪኝ።”

“እነማንን ከማለትዎ በፊት፣ ሐይቅ መሄዱን አይተዉት” አለች አትጠገብ። “ለመሸሽ ሳይሆን ለማረፍ ይሂዱ። ያረፈ በሬ ነው ትልም የሚያወጣው። እኛ እንጠብቅዎታለን።”

ቄሱ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሳይጨርሱ ለማረፍ ሄዱ። በገዳሙ ተኙ፣ ጸለዩ፣ ሐይቁን እያዩ ዋሉ። ሲመለሱ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቄስ ስማቸው ቤት ነበር። “ወንድሜ፣ ልርዳ ብለኸኝ መልሼሃለሁ። አሁን እርዳኝ ብዬ መጣሁ” አሏቸው። ቄስ ስማቸው ነጠላቸውን አነሡና “እንሂድ” አሉ።

ከዚያ ወዲህ የመጠለያውና የደብሩ ሥራ ተከፋፈለ። ሁለቱ ካህናት ፍትሐቱንና ንስሐውን በየተራ ያዙ። ዲያቆናቱ ክርስትና የሚነሡ ሕፃናትን ቤተሰብ እየዞሩ አዘጋጁ። ወርቅአፈራሁና ሌሎች ሐዘን የደረሰባቸው ሴቶች ሐዘንተኛን መጠየቅ ጀመሩ፤ መርየም የምትባል ጎረቤታቸውም “ሐዘን ሃይማኖት አይለይም” ብላ ከእነሱ ጋር ገባች። የመጠለያው አስተባባሪ ጓድ ይህን ሰምተው “ያለ ፈቃድ ስብሰባ ነው ወይ?” ብለው ተቆጡ። አትጠገብ “በሽተኛ የሚያበላ ስብሰባ ነው ጓድ” ብላ ስትመልስላቸው ድንኳኖቹን ዞረው አዩ፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቁም።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነም። በደሴ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ለተዝካሩ ቄስ ስማቸው ሲሄዱላቸው “ወልደ ሚካኤል ንቀውን ነው” ብለው ተቀየሙ። ቄሱም እንደ ልማዳቸው ሮጠው ሊሄዱ ነጠላቸውን አንሥተው ነበር፤ መልሰው አስቀመጡት። ቅያሜው ቆየ፤ ኋላ ግን በረደ። አንዳንድ ቀንም ድካሙ ይመለሳል። ያን ጊዜ እንደ በፊቱ አይሸሽጉትም፤ “ዛሬ ደክሞኛል፤ ተኩልኝ” ይላሉ፤ ሌላው ይተካል።

ጥቅሙን የፈለገ ሰው በዓይኑ ያየው ነበር። ቀድሞ ቄሱ እስኪደርሱ ቀናት ይጠብቅ የነበረ ሐዘንተኛ በዕለቱ የሚጠይቀው አገኘ። ንስሐ ፈላጊው በችኮላ ፈንታ ጆሮ አገኘ። ተጠርተው የማያውቁት ወጣቶች ሥራ ሲሰጣቸው ቤተ ክርስቲያኒቱ የእነሱም እንደሆነች አወቁ። ሐዘንተኞቹ ሌላውን ሲያጽናኑ ራሳቸው ተጽናኑ። ቄሱም ጉንጫቸው መለስ አለ፤ እንቅልፋቸው ተመለሰ። እግዚአብሔርን ማገልገል ማለት ራስን እንደ ሻማ በአንድ ሌሊት መጨረስ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ሻማው ካለቀ በኋላ ግን ጨለማው ይቀራል፤ መብራት ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር ነው ሌሊቱ የሚነጋው።

ከጥምቀት በኋላ አቶ በላቸው ዘር ተቀብለው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ተነሡ። ወርቅአፈራሁን እንደ ልጃቸው ይዘዋት ሊሄዱ ተስማምተዋል፤ እሷም ዕቃዋን ሸክፋለች። የጭነት መኪናው ሞተር እያጉረመረመ ሳለ ሽማግሌው የቄሱን መስቀል ተሳለሙና እጃቸውን ሳይለቁ ቆሙ።

“አባ፣ እስካሁን እኛ ነን ወደ እርስዎ የመጣነው” አሉ። “ደግሞ ሲደክምዎት ወደኛ ይምጡ። የምናበላዎት ብዙ ባይኖረን ጥላ አለን፤ ማንም ሥራ አያዝዎትም።”

ቄስ ወልደ ሚካኤል እንዲህ ያለ ግብዣ በዕድሜያቸው ብዙ ጊዜ ተጋብዘው “ጊዜ የት አለኝ” ብለው አልፈዋል። አሁን የሽማግሌውን እጅ ጨበጥ አደረጉና “እመጣለሁ” አሉ።

በዚያው ዓመት፣ የበልጉ ዝናብ መሬቱን እንዳራሰ፣ ቄሱ ወደ ሽማግሌው ቀዬ ሄዱ።